ጤና ጣቢያው ሳንታመም ቢከፈለውስ?

ወር ሲደርስ የቤታችሁን ቋሚ ወጪ እስቲ ወረቀት ላይ ጻፉት። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የሰርቪስ መኪና፣ የኢንተርኔት ጥቅል፣ እድር። እነዚህን ወጪዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፦ ተጠቀማችሁም አልተጠቀማችሁም ይከፈላሉ። ልጃችሁ ጉንፋን ይዟት ሦስት ቀን ብትቀር የሰርቪሱ ሹፌር ሂሳብ አይቀንስላችሁም። እድራችሁም «ዘንድሮ ቤታችሁ ሐዘን አልገባም» ብሎ መዋጮ አይመልስላችሁም፤ እናንተም እንዲመልስ አትመኙም።

አሁን እዚያው ወረቀት ላይ የሕክምና ወጪን ጨምሩ። ስንት ብላችሁ ትጽፋላችሁ? የምትጽፉት አይኖርም። የቱ ወር ላይ እንደሚመጣና ስንት ሆኖ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። እኛ ቤት ለምሳሌ፣ የአራት ዓመቷ ልጃችን በአንድ ሌሊት ትኩሳት የወሩን አስቤዛ ይዛብን የሄደችበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው «የጤና መድኅን» የሚለው ቃል ሲነሳ ጆሯችን የሚቆመው።

ስለ መድኅን ስናወራ ግን ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለምንከፍለው ገንዘብ ነው። መዋጮው ስንት ነው? ከደመወዝ ስንት ይቆረጣል? ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ሌላኛው ጫፍ ነው፤ መድኅኑ ገንዘባችንን ሰብስቦ ለጤና ጣቢያው የሚከፍለው እንዴት ነው? ጉዳዩ የሂሳብ ሠራተኞች ብቻ ይመስላል። እኔ ግን ማርኬቲንግ ተምሬ፣ ማርኬቲንግ ላይ እየሠራሁ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ሻጭ የሚከፈልበት መንገድ ጠባዩን ይወስናል። ሐኪም ቤትም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

የእማዬ ደብተር

እናቴ መቂ ነው የምትኖረው። ትንሽ ሱቅ አላት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ሱቁንም ቤቱንም የምታስተዳድረው እሷ ናት። እኔ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር አዳማ ነኝ። በሞጆ፣ በቆቃ አድርጌ፣ ዓለም ጤና የምትባለውን ከተማ አልፌ እሷ ጋ ስደርስ መጀመሪያ የማየው የመድኃኒት ሳጥኗን ነው። ግፊት አለባት፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ስኳር ተጨምሯል። በየቀኑ አምሎዲፒንና ሜትፎርሚን ትውጣለች።

እማዬ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ናት። በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮዋን ትከፍላለች፣ ደብተሯን ታሳድሳለች፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ለካርድ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት ከኪሷ አታወጣም። ሲሠራ እንደዚህ ነው፤ ሲሠራም አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ ስትወጣ የተጠየቀችው ደብተሯን ብቻ ነበር። ያን ቀን የመድኅንን ትርጉም ከማንም ሥልጠና በላይ ተረድቼዋለሁ።

የማይሠራበት ቀንም አለ። ወረፋ ይዛ፣ ተመርምራ፣ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ስትደርስ «ይሄ የለም፤ ከውጭ ይግዙ» ትባላለች። በዚያው ወር ሁለት ጊዜ የተባለችበት ወቅት ነበር። እማዬ አትጨቃጨቅም። ወጥታ ከግል ፋርማሲ ትገዛለች፤ ገንዘቡ ካልሞላላት ደግሞ «ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በኋላ» ብላ ክኒኑን ለሁለት ትከፍላለች። ለእኔ የምትነግረኝ ከወር በኋላ ነው። ግፊት እንደዚህ እየተቆራረጠ ሲታከም ምን እንደሚያስከትል ደግሞ እናንተም በዘመድ ቤት አይታችኋል፦ ስትሮክ፣ ኩላሊት፣ ልብ።

መድኃኒቱ ለምን እንደጠፋ ስጠይቅ አንድ ምክንያት ብቻ አላገኘሁም። አንዱ ምክንያት ግን ከክፍያው መንገድ ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን የሚከፈለው እንዴት ነው?

ባቱ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ የልጅነት ጓደኛ አለችኝ። እሷ እንዳስረዳችኝ አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የመድኅን አባል ሲታከም ካርዱ፣ ላብራቶሪው፣ መድኃኒቱ፣ እያንዳንዱ አገልግሎት በየዋጋው ይመዘገባል። ጤና ጣቢያው የሩብ ዓመቱን ሰብስቦ ለወረዳው መድኅን ጽሕፈት ቤት «ይህን ያህል ሰው አክሜአለሁና ክፈሉኝ» ይላል። ጽሕፈት ቤቱ ሰነዱን ይመረምራል፣ የተሳሳተ ካለ ይመልሳል፣ ከዚያ ይከፍላል። ይህ በአገልግሎት ልክ የሚፈጸም ክፍያ ይባላል።

ፍትሐዊ ይመስላል፤ የሠራ ይከፈለዋል። ችግሩ ጤና ጣቢያው መጀመሪያ መድኃኒቱን ከራሱ ገዝቶ፣ ሰጥቶ፣ ጽፎ፣ ጠብቆ መሆኑ ነው። ክፍያው ሲዘገይ መደርደሪያው ይራቆታል። መደርደሪያው ሲራቆት እማዬ ከውጭ ትገዛለች። ጓደኛዬ ደግሞ ሌላ ምሬት አላት። «ቀኑን በሽተኛ ሳይ እውልና ማታ ወረቀት ሳይ አመሻለሁ» ትላለች።

የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሠራተኛ ደመወዙን የሚያገኘው ከመንግሥት በጀት ነው። ስለዚህ ከመድኅን የሚመጣው ገንዘብ በአብዛኛው የሚሄደው ለመድኃኒት፣ ለምርመራ ዕቃና ለመሳሰለው ነው። መድኅኑ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚጎድለው ክኒኑ የሆነው ለዚህ ነው።

ካፒቴሽን ማለት ምንድን ነው?

ሌላው መንገድ ባለሙያዎች ካፒቴሽን የሚሉት ነው። በእኛ አማርኛ የነፍስ ወከፍ ቅድሚያ ክፍያ ልንለው እንችላለን። ነገሩ ከእድርና ከሰርቪስ መኪና ጋር ይመሳሰላል። እያንዳንዱ አባል በአንድ ጤና ጣቢያ ይመዘገባል። መድኅኑ ለዚያ ጤና ጣቢያ በተመዘገበው ሰው ቁጥር ልክ፣ ለአንድ ሰው ይህን ያህል ብሎ፣ አስቀድሞ ይከፍላል። ሰውየው በዓመቱ አሥር ጊዜ ቢመጣም፣ ጨርሶ ባይመጣም ክፍያው ያው ነው።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል ብቻ የማነሳው ቁጥር ነው፤ በአንድ ጤና ጣቢያ 20,000 የመድኅን ተጠቃሚዎች ተመዘገቡ እንበል። ለአንድ ሰው በዓመት 200 ብር ተተመነ እንበል። ጤና ጣቢያው በዓመት 4,000,000 ብር፣ በየሩብ ዓመቱ መጀመሪያ 1,000,000 ብር በእጁ ይገባል ማለት ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ምን ያህል ገንዘብ እንዳለው ሐምሌ 1 ቀን ያውቃል። አምሎዲፒኑን አስቀድሞ ማዘዝ ይችላል። ጓደኛዬም በእያንዳንዱ ጓንትና መርፌ ላይ የክፍያ ጥያቄ አትጽፍም።

አሳቡ ለእኛ አገር አዲስ ጆሮ አይፈልግም፤ በመድኅን ባለሙያዎቻችን ዘንድ ካሉት አማራጮች አንዱ ነው። የኢትዮጵያ ጤና መድኅን ታሪክ ራሱ ረጅም አይደለም። የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። የማኅበረሰብ አቀፉ ሙከራ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች ብቻ ነበር። ከእነዚያ አንዱ ከእኛው ከምሥራቅ ሸዋ የተመረጠው ግምቢቹ ነው። ዛሬ መድኅኑ ከአንድ ሺህ በላይ ወረዳዎች ደርሷል። ይህን ያህል ሰፍቶ እያንዳንዷን መርፌ እየቆጠሩ መክፈል እየከበደ እንደሚሄድ ለመገመት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ሻጩ ምን ይፈልጋል?

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልውሰዳችሁ። በደንበኛ ብዛት የሚከፈለው ሻጭና በሽያጭ ብዛት የሚከፈለው ሻጭ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

በሽያጭ ብዛት የሚከፈለው «ይሄንንስ አትጨምሩም?» ይላል። በጤናው ዓለም ይህ የማያስፈልግ ምርመራ፣ የማያስፈልግ መርፌ፣ «ለማንኛውም» ተብሎ የሚታዘዝ አንቲባዮቲክ ይሆናል። በግል ክሊኒክ ልጃችንን ለጉንፋን ወስደን የላብራቶሪ ወረቀት ተሸክመን የወጣን ወላጆች ይህን ሻጭ በደንብ እናውቀዋለን።

በደንበኛ ብዛት የሚከፈለውስ? ጂም ቤት አስቡ። ጂም ቤት በመስከረም ዓመታዊ አባልነት ይሸጥላችኋል። በጥቅምት መምጣት ስታቆሙ የሚያዝን ይመስላችኋል? አባላቱ ሁሉ አንድ ቀን ተጠራርተው ቢመጡ ማሽኑም ሻወሩም አይበቃም። ትርፉ ከፍለው ከማይመጡት ነው። የካፒቴሽን አደጋ ይኸው ነው። ገንዘቡን አስቀድሞ የተቀበለ ጤና ጣቢያ ባንሄድ ይሻለዋል።

ይህን ለእማዬ በስልክ ሳስረዳት ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና ጠየቀችኝ።

«እኔ ሄድኩም ቀረሁም ገንዘቡን አስቀድመው ይወስዳሉ ማለት ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ስሄድ ፊታቸው አይጠቁርብኝም?»

ብዙ የጥናት ጽሑፍ የሚዞርበትን ጥያቄ ባንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጠችው። ያን ዕለት መልስ ሰጥቻታለሁ፤ ለእናንተም የምሰጠው ያንኑ ነው፤ ግን ሁለት ክፍል አለው።

የመጀመሪያው ክፍል ደስ የሚለው ነው። ጂምና ጤና ጣቢያ የሚለያዩበት አንድ ቦታ አለ። ወደ ጂም ያልመጣ ሰው ለጂሙ ወጪ ሆኖ አይመለስም። ግፊቷ ያልታየላት እናት ግን ትመለሳለች፤ ስትመለስም በጣም ውድ ሆና ነው። ስለዚህ በነፍስ ወከፍ የሚከፈለው ጤና ጣቢያ ብልህ ከሆነ ከማከም ይልቅ መከላከል ያዋጣዋል። የአጎበር ሥርጭት፣ የግፊት ልኬት፣ የስኳር ክትትል፣ በየቤቱ የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ እነዚህ ሁሉ በአገልግሎት ልክ ሲከፈል ገንዘብ የማያመጡ ድካሞች ናቸው። በነፍስ ወከፍ ሲሆን ግን ገንዘብ ቆጣቢዎች ይሆናሉ። ጤና ጣቢያው እማዬ ሳትታመም እንድትመጣ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ክፍል ግን «ብልህ ከሆነ» የምትለዋ ቃል ናት።

መሸወጃው የት ነው?

በጣም ቀላሉ መሸወጃ ሪፈር ነው። ጤና ጣቢያው የነፍስ ወከፉን ይቀበላል፤ በሽተኛ ሲመጣ «ከአቅማችን በላይ ነው» ብሎ ወደ ሆስፒታል ይልካል። የሆስፒታሉን ወጪ ሌላ ቋት የሚከፍል ከሆነ ሪፈር የሚጽፈው ጤና ጣቢያ አንዲት ሳንቲም አይጎድልበትም። የሚጎድለው እናታችሁ ናት፤ ከመቂ አዳማ ድረስ የትራንስፖርት፣ የምግብ፣ የሥራ ቀን። የአዳማ ሆስፒታል ኮሪደርም በጤና ጣቢያ ሊያልቅ በሚችል ጉዳይ ይጨናነቃል።

ሁለተኛው መሸወጃ መቆንጠር ነው። የሦስት ወር መድኃኒት መስጠት ሲቻል የሁለት ሳምንት ሰጥቶ መመለስ፤ ምርመራውን «ማሽኑ ተበላሽቷል» ማለት፤ ወረፋውን ማስረዘም። ማንም በይፋ «አንታከምህም» አይላችሁም። የሚሰለቸው ራሱ ይቀራል።

ሦስተኛው ተንኮል ሳይሆን የሂሳብ ጉዳይ ነው፤ ግን እኛን የስምጥ ሸለቆ ሰዎችን በቀጥታ ይነካናል። የነፍስ ወከፉ ተመን ለሁሉም ቦታ እኩል ቢሆን እኩል አይሆንም። ደጋ ላይ ያለ ጤና ጣቢያና ባቱ ወይም መቂ ያለ ጤና ጣቢያ አንድ ዓይነት ሥራ የላቸውም። ክረምቱ ሲወጣ ወባ በእኛ በኩል ወረፋውን ስንት እንደሚያደርገው እናውቃለን። መድኃኒቱ በሌላ ፕሮግራም በነፃ ቢመጣ እንኳ የደም ምርመራው፣ አልጋው፣ የባለሙያው ሰዓት አለ። የጉድጓድ ውኃችን ፍሎራይድ ደግሞ የታወቀ ነው። የእኔ ትውልድ የአካባቢው ልጆች በጥርሳችን ቀለም እንተዋወቃለን፤ በወንጂ ስኳር ልማት የኖሩ ሰዎች ላይ አጥንት ድረስ የዘለቀው ጉዳት በሕክምና ተመራማሪዎች ተጠንቷል። እንዲህ ያለ አካባቢ ከሌላው ጋር በአንድ ሚዛን ከተመዘነ ጤና ጣቢያው ወይ ይከስራል ወይ ይቆነጥራል።

በዕድሜም እንዲሁ ነው። የ60 ዓመቷ እማዬና የ25 ዓመቱ የባጃጅ ሹፌር ጎረቤቷ ዋጋቸው እኩል ከሆነ ለጤና ጣቢያው የሚሻለው ደንበኛ ሹፌሩ ነው። ስለዚህ ተመኑ ዕድሜን፣ ፆታንና የአካባቢውን የበሽታ ጫና ማየት አለበት።

ሌሎች አገሮች ምን አዩ?

ይህ መንገድ ከመቶ ዓመት በላይ ተሄዶበታል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1911 በወጣው የብሔራዊ መድኅን ሕግ ሠራተኛው በአንድ ሐኪም መዝገብ ላይ እንዲመዘገብና ሐኪሙ በተመዘገበለት ሰው ቁጥር እንዲከፈለው አድርጋለች። እ.ኤ.አ. በ1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎቷ ሲመሠረትም ለቤተሰብ ሐኪሞች የነፍስ ወከፉ መንገድ ቀጠለ። ዛሬም ዋናው መሠረት እሱ ነው፤ ግን አዛውንት የበዛበት መዝገብ የበለጠ እንዲያገኝ ተደርጎ ይሰላል።

ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ሁሉን አቀፍ መድኅኗን ስትጀምር የተመላላሽ ሕክምናውን በነፍስ ወከፍ ከፈለች። ዜጋው በሚኖርበት አካባቢ ባለ የጤና ተቋማት መረብ ይመዘገብና በአንድ ጉብኝት 30 ባት ብቻ ይከፍል ነበር። ወጪው ሳያመልጣት ቀርቶ ሕዝቧን ሁሉ ያዳረሰችበት አንዱ ዘዴ ይኸው ነው።

ጋና ግን ሌላ ታሪክ አላት፤ ለእኛ የሚቀርበውም የእሷ ነው። ብሔራዊ የጤና መድኅኗን በሕግ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ በ2012 ኩማሲ ባለችበት የአሻንቲ ክልል ካፒቴሽንን ሞከረች። ሰዉ «ለምን እኛ ላይ ብቻ?» አለ። ክልሉ የተቃዋሚው ፓርቲ ጠንካራ መሠረት ስለነበር ነገሩ ወደ ፖለቲካ ዞረ። የጤና ተቋማቱ «ተመኑ አነሰ» አሉ። አባላቱም አንድ ተቋም መርጠው መመዝገባቸው እንደ እገዳ ታያቸው። በ2017 ሙከራው ቆመ። እንደ ማርኬቲንግ ሰው ስመለከተው ጋና የወደቀችው በቀመሩ ብቻ አይደለም። ዕቃውን ያወጣችው ለገዢው ሳታስረዳ ነው።

ይህ እኛን ምን ያገባናል?

«እኔ ልጄን የግል ክሊኒክ ነው የምወስደው፤ መሥሪያ ቤቴም መድን ገብቶልኛል» የምትሉ ትኖራላችሁ። የእኔም መሥሪያ ቤት ገብቶልኛል፤ ጣራው ግን ምን ያህል ዝቅተኛ እንደሆነ አንድ ከበድ ያለ ሕመም የገባበት ቤት ያውቀዋል። በዚያ ላይ ሁለት ነገር አስቡ።

አንደኛ፣ ወላጆቻችን። አብዛኞቻችን ከአሰላ፣ ከመተሐራ፣ ከአርሲ ነገሌ፣ ከሻሸመኔ መጥተን ከተማ የተቀመጥን ነን። ወላጆቻችን ያሉት በዚያ ነው፤ የሚታከሙትም በዚያው ጤና ጣቢያ። ጤና ጣቢያው ሲጎድል ሂሳቡ የሚመጣው በእኛ ስልክ ነው።

ሁለተኛ፣ ተራው የእኛ ነው። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጁ ከወጣ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም ሲራዘም ቆይቷል። የተቀመጠው መዋጮ ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ነው። ባለቤቴ የመንግሥት መምህር ነው። አንድ ሰው 20,000 ብር ደመወዝ ቢኖረው ከእሱ 600 ብር፣ ከአሠሪው 600 ብር በወር፣ በዓመት 14,400 ብር ይሆናል። ሠራተኛው «ከፍዬ ምን ላገኝ?» ብሎ የተቃወመው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጥያቄው ግን መቆረጡ ላይ ብቻ መቆም የለበትም። ያ ገንዘብ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ሲደርስ እንዴት ነው የሚከፈለው? ጤና ጣቢያውስ እኔን ጤነኛ አድርጎ ማቆየት ያዋጣዋል ወይስ ደጋግሞ ማከም?

ስለዚህ ካፒቴሽን ይምጣ ወይስ አይምጣ ብትሉኝ፣ ለመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ይምጣ ባይ ነኝ፤ ግን አራት ነገር ይዞ ይምጣ። ተመኑ ዕድሜንና የአካባቢን በሽታ ያገናዝብ። አባሉ በማይረካበት ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ጤና ጣቢያ የመቀየር መብት ይኑረው፤ ደንበኛው ሊሄድበት የሚችል ሻጭ ነው ፊቱን የሚያበራው። ከክፍያው የተወሰነው ክፍል ከውጤት ጋር ይታሰር፤ ለምሳሌ የተመዘገቡት የግፊት ሕሙማን ስንቶቹ ክትትል ላይ እንዳሉ፣ ሪፈር ከተጻፈላቸው ስንቶቹ በእርግጥ ሪፈር እንደሚያስፈልጋቸው እየታየ። በመጨረሻም ገንዘቡ የሚገዛው መድኃኒት ይኑር። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት አዳማም ቅርንጫፍ አለው፤ መጋዘኑ ባዶ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያው ሚሊዮን ብር በእጁ ይዞም «ከውጭ ይግዙ» ከማለት አይድንም።

ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያውን የሚወስኑት ከላይ ያሉት ናቸው። የቀሩት ላይ ግን ከታች ድምፅ ያስፈልጋል፤ ድምፅ ማሰሚያውም አለ። እያንዳንዱ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የሥራ አመራር ቦርድ አለው፤ በቦርዱም የነዋሪ ተወካይ ይቀመጣል። ጤና ጣቢያው የሚያገኘውን ገቢ ለራሱ እንዲጠቀም ስለተፈቀደለት፣ ገንዘቡ ለቀለም ይዋል ለክኒን የሚነጋገረው ይኸው ቦርድ ነው። እናንተ ባላችሁበት ቀበሌ፣ ወይም ወላጆቻችሁ ባሉበት ወረዳ ያ ተወካይ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?

እማዬ አታውቅም ነበር። ከስልክ ንግግራችን በኋላ ጤና ጣቢያው ሄዳ ሲስተርን ጠየቀች፤ ሲስተር ወደ አስተዳደሩ ላኳት፤ አስተዳደሩ ስም ነገራት። ሰውየው ለካ በአንድ እድር አብረዋት ለዓመታት የተቀመጡ ጎረቤት ናቸው። አሁን በየወሩ የእድር ዕለት መዋጮዋን ስትሰጥ ስለ ሁለት ነገር ትጠይቃቸዋለች፦ ስለ ጤናቸውና ስለ አምሎዲፒኑ።